ለከተማ ዛፎች ዕውቅና ማመልከት፦ ከሐዋሳ የተገኘ ተሞክሮ

ዛፎቹን በአግባቡ የሚንከባከብ ከተማ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ሊያገኝ እንደሚችል የምናውቅ ሰዎች ጥቂቶች ነን። እኔም ጉዳዩን ያወቅሁት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ በምንኖርበት መንደር የዛፍ ኮሚቴ ሲቋቋም ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዲላ፣ ከሻሸመኔና ከወላይታ ሶዶ የሚመጡ የሥራ ወዳጆች ስለ አጀማመሩ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዳቸው በቃል ከማስረዳት ይልቅ ያየሁትንና የሠራሁትን በጽሑፍ ማስቀመጥ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከወዲሁ መታወቅ ያለበት ነገር ቢኖር አመልካቹ መንደር ወይም ማኅበር ሳይሆን ከተማው መሆኑ ነው። የእኛ ኮሚቴ ያደረገው የአንድን መንደር ዛፎች መረጃ በመስፈርቱ መሠረት አደራጅቶ፣ ከተማው ሲያመለክት እንደ ናሙና ሊጠቀምበት የሚችል ፋይል ማዘጋጀት ነው።

ዕውቅናውን የሚሰጠው የዓለም የዛፍ ከተሞች የሚባለው መርሐ ግብር ሲሆን፣ ይህንንም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና መቀመጫውን በአሜሪካ ያደረገው የአርቦር ዴይ ፋውንዴሽን በጋራ ያካሂዱታል። ይፋ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 በጣሊያኗ ማንቶቫ ከተማ በተካሄደው የከተማ ደኖች የዓለም ጉባኤ ላይ ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ የቆየ ነው። በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት የመጀመሪያው የዛፍ ቀን የተከበረው እ.ኤ.አ. በ1872 ሲሆን፣ ፋውንዴሽኑ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1972 ተመሠረተ፤ በ1976 ደግሞ ለአሜሪካ ከተሞች ብቻ የሚሆን የዕውቅና መርሐ ግብር ጀመረ። ዛሬ በዚያ የአገር ውስጥ መርሐ ግብር ከ3,000 በላይ ከተሞችና ማኅበረሰቦች ይሳተፋሉ። ለእኛ የሚሆነው ዓለም አቀፉ ነው።

መስፈርቶቹ አምስት ናቸው። ከተማው ለዛፎቹ ኃላፊ የሆነ አካል በጽሑፍ መሰየም፣ ዛፎች የሚተዳደሩበት ደንብ ማውጣት፣ ምን ዓይነት ዛፎች እንዳሉት በቆጠራ ወይም በጥናት ማወቅ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል ዓመታዊ በጀት መመደብ፣ በዓመት አንድ ጊዜም የዛፍ በዓል ማክበር ይጠበቅበታል። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ነገር አለ፤ ከአምስቱ መካከል «ስንት ችግኝ ተከላችሁ?» የሚል መስፈርት የለም። እኛ ግን ዛፍን በተመለከተ በብዛት የምናዘጋጀው መረጃ ይኸው ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀምበር 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ከተባለበት ዕለት አንሥቶ፣ የተከላ ሪፖርት የማይጽፍ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ዕድር ማግኘት ያስቸግራል። ተከላውን ዝቅ አድርጌ ማየቴ አይደለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሕዝብ ዶማ ይዞ መውጣቱ ብዙ አገሮች የሚመኙት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ዕውቅና የሚቀርበው ፋይል የሚጠይቀው ችግኙ ከተተከለ በኋላ ያለውን ነው፤ ማን ያጠጣዋል፣ ማን ይገርዘዋል፣ አንድ ሰው ሊቆርጠው ቢመጣ ማን ይከለክለዋል፣ ለዚህ ሁሉስ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውን።

የመጀመሪያው መስፈርት በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ በከንቲባ የተፈረመ አንድ ደብዳቤ ይበቃልና። ሥራ ላይ ሲውል ግን እንደዚያ አልሆነልንም። መንገድ ዳር የቆመ አንድ ዛፍ ሥሩ የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ ሲያነሣ ጉዳዩ የመንገድ ክፍሉ ይሆናል፤ ቅርንጫፉ ሽቦ ሲነካ የመብራት፣ ቅጠሉ ቱቦ ሲደፍን የጽዳት፣ አበባው ሲያምር ደግሞ የውበትና መናፈሻ ክፍሉ። ዛፉ ሲደርቅ ግን የማንም አይሆንም። በመንደራችን አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በአንዲት ገመድ በሚያህል ቅርፊት ተንጠልጥሎ በነበረበት ጊዜ፣ ከሥሩ ባጃጆች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቁ ስለነበር፣ አውርዱልን ብለን ያላንኳኳነው በር አልነበረም። እያንዳንዱ ክፍል ያስተናገደን በጨዋነት ነው፤ እያንዳንዱም ወደ ሌላው መራን። በመጨረሻ ያወረዱት የባጃጅ ሾፌሮቹ ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው በቀጠሩት ሰው ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው ሲረቀቅ ሁለት ነገሮች እንዲካተቱ ተከራክረናል። አንደኛው፣ ኃላፊነቱ ለግለሰብ ስም ሳይሆን ለሥራ መደብ እንዲሰጥ ነው፤ ሹም ሲቀየር ዛፉም አብሮ ባለቤት አልባ የሚሆንበትን መንገድ መዝጋት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ከዚያ የሥራ መደብ ጋር በምን ያህል ጊዜ እንደሚገናኝና ቃለ ጉባኤው የት እንደሚቀመጥ በግልጽ እንዲጻፍ ነው። መርሐ ግብሩ ኃላፊነቱ ለአንድ ባለሙያ፣ ለአንድ የሥራ ክፍል ወይም ለዜጎች ቡድን እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በእኔ አስተያየት በእኛ አገር ሁኔታ ለዜጎች ቡድን ብቻ መስጠት አያዋጣም፤ በጎ ፈቃደኛ ከሁለት ክረምት በኋላ ይደክማል፣ ማኅተምም በእጁ የለም።

ወደ ደንቡ ስንመጣ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘትን መብት፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብን የመንግሥትና የዜጎች ግዴታ ደንግጓል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም አለ፤ ነገር ግን አዋጁ በዋናነት ደንን አስቦ የወጣ በመሆኑ፣ አስፋልት ዳር ለብቻው የቆመ ጃካራንዳ ላይ መጥረቢያ ሲነሣ የመንደር ሰው በእጁ ይዞ የሚከራከርበት ዓይነት ሰነድ አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው የከተማ ምክር ቤት የሚያጸድቀው ደንብ፣ ከሥሩም የአሠራር መመሪያ ነው። በረቂቃችን ውስጥ ካስገባናቸው ነገሮች ዋነኛዎቹ ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ማስታወቂያው ዛፉ ባለበት ስፍራ ስንት ቀን እንደሚለጠፍ፣ በተቆረጠው ምትክ ምን እንደሚተከልና እስኪጸድቅ ድረስ ማን እንደሚንከባከበው፣ ደንቡን የተላለፈ ምን እንደሚቀጣ የሚሉት ናቸው። መርሐ ግብሩም ደንቡ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ የትና መቼ ተፈጻሚ እንደሚሆን፣ ያላከበረም ምን እንደሚገጥመው እንዲገልጽ ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የተጨነቅንበት ክፍል ስለ መግረዝ የሚናገረው ነው። በከተሞቻችን ዛፍን ከመጥረቢያ ይልቅ የሚገድለው ያለ ዕውቀት መገረዙ ይመስለኛል። በቀን ሒሳብ የተቀጠሩ ሠራተኞች ከሽቦ ሥር ያሉትን ዛፎች ሲያጸዱ ቆሜ ተመልክቻለሁ፤ አንዱ መሰላል ላይ ወጥቶ በገጀራ ወፍራሙን ቅርንጫፍ ከላይ በኩል ይመታል፣ ቅርንጫፉ ግማሽ ሲደርስ በራሱ ክብደት ይገነጠልና ከግንዱ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ቅርፊት ገፎ ይወርዳል። በዚያ ቁስል ውኃና ምስጥ ይገባል፤ ዛፉ ከዓመታት በኋላ በነፋስ ሲወድቅም ጥፋቱ በነፋሱ ይላከካል። ትክክለኛው አሠራር ሦስት ቁርጥ ነው። በመጀመሪያ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቅርንጫፉን ከታች ወደ ላይ በመጋዝ በከፊል መቁረጥ፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ቆርጦ ቅርንጫፉን መጣል፤ በመጨረሻም የቀረውን ጉቶ ቅርንጫፉ ከግንዱ ከሚወጣበት እብጠት ውጭ፣ እብጠቱን ሳይነኩ፣ ማስወገድ ነው። ያ እብጠት ቁስሉን የሚዘጋው የዛፉ ክፍል በመሆኑ፣ ለማሳመር ተብሎ ከግንዱ ጋር እኩል መላጨት የለበትም። በአንድ ዓመት ውስጥም ከአናቱ ከሩብ በላይ ማውረድ አይገባም። እነዚህን መስመሮች በመመሪያ መልክ ጽፈን ሥዕል ጨምረን ለሠራተኞቹ ስናሳይ ካሰብነው በላይ በፍላጎት ተቀበሉን። አንደኛው «እስከ ዛሬ ቶሎ ጨርሱ እንጂ እንዲህ አድርጉ ያለን ሰው የለም» አለ።

ሦስተኛው መስፈርት፣ ማለትም ያለንን ማወቅ፣ ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ነው፤ እኔም ከሁሉ የወደድሁት እርሱን ነው። ሐዋሳ በ1950ዎቹ በፕላን የተቆረቆረች ከተማ እንደመሆኗ ጎዳናዎቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ይህም ቆጠራውን ያቀላል። ለቆጠራው የተጠቀምነው መሣሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሲባጎ፣ የተሰመረበት ደብተርና ስልክ ብቻ ነው። የዛፍ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለመጡት ተማሪዎች በዚያ ቁመት የተቆረጠ ቀጥ ያለ ዱላ ሰጠናቸው። አንዱ ዱላውን ከግንዱ ጋር ያቆማል፣ ሌላው በዱላው ጫፍ ልክ ሜትሩን ያዞራል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። የተገኘው ዙሪያ ለ3.14 ሲካፈል የግንዱን ውፍረት ይሰጣል፤ ዙሪያው 157 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ለሾላና ለዋርካ አይደርስም፤ ለእነርሱ ሲባጎውን አዙሮ ሲባጎውን መለካት ነው።

ያልጠበቅነው ችግር የገጠመን ዛፎቹ ላይ ቁጥር ለመጻፍ ስንነሣ ነው። ቀለምና ብሩሽ ይዘን በአንድ ሾላ ሥር ስንቆም፣ እዚያ ጥላ ሥር ቡና አፍልተው የሚሸጡ እናት ሲኒውን አስቀምጠው ተነሡ።

«ልጄ፣ ምን ልትጽፉበት ነው?»

«ቁጥር ነው፣ እትዬ። ዛፎቹን እየቆጠርን ነው።»

«ቁጥር የተጻፈበት ነገር ሲፈርስ እንጂ ሲቆም አይቼ አላውቅም። ከጻፋችሁበት በሳምንቱ ይቆርጡታል።»

ሴትዮዋ የተናገሩት ስሕተት አልነበረም፤ በአጥርና በግድግዳ ላይ የተቀባ ምልክት በከተሞቻችን ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቀለሙን ተውነው። በቆርቆሮ የተሠራ መለያ በምስማር እንምታ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ በማግሥቱ ለቆራሊዮ እንደሚሸጥ ሁሉም ስለተስማማ እርሱም ቀረ። በመጨረሻ የተጠቀምነው ዘዴ እያንዳንዱን ዛፍ በስልክ ጂፒኤስ ነጥብ መመዝገብና በአቅራቢያው ካለው የመብራት ምሰሶ በየትኛው አቅጣጫ ስንተኛ እንደሆነ መጻፍ ነው። ሌሎች ከተሞችም ቆጠራውን ከመጀመራቸው በፊት የሚቆጥሩት ለምን እንደሆነ ለነዋሪው፣ በተለይም በጥላው ሥር ሠርተው ለሚያድሩ ቡና አፍይዎች፣ ሊስትሮዎችና ባጃጅ ሾፌሮች ቢነግሩ ይጠቀማሉ። እነዚህ ሰዎች ዛፉ መቼ እንደተተከለ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚጮኽ፣ ማን ሌሊት ጨው ውኃ እንዳፈሰሰበት ያውቃሉ። ቡና የሚሸጡት እናት በኋላ ከመዝጋቢዎቻችን አንዷ ሆነዋል።

በመዝገባችን ውስጥ የዛፉ ዓይነት፣ ውፍረት፣ ጤንነት፣ ያለበት ቦታና ከሽቦ፣ ከቱቦ ወይም ከንጣፍ ጋር ያለው ግጭት ለየብቻ ዓምድ አላቸው። እኔ በግሌ የጨመርሁት በዛፉ ላይ የሚኖሩ እንስሳት የሚሰፍሩበትን ዓምድ ነው። በሐይቁ ዳር ዛፎች ላይ ጉሬዛና ጦጣ ይኖራሉ፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲጠብቅ ውሎ ማደሪያው ዛፍ ነው። ነዋሪው በአባ ኮዳ ኩስ ተማርሮ ዛፉ ይቆረጥልኝ ብሎ የሚያመለክትበት ጊዜ ስላለ፣ እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ለማየት የሚቀመጥ ሰው ምን እንደሚያስፈርስ አስቀድሞ ማወቅ አለበት ብዬ አስባለሁ።

የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግቢ ዛፎች በመዝገቡ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ብዙ ስብሰባ ወስዷል። የደረስንበት ስምምነት በየዛፉ የሚደረገው ቆጠራ የመንገድና የሕዝብ ቦታ ዛፎችን ብቻ እንዲያካትት፣ የቅጥር ግቢዎቹ ግን በአጠቃላይ የጥላ ሽፋን ግምት ውስጥ እንዲገቡ ነው። ለሽፋን ግምቱ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የአሜሪካ የደን አገልግሎትና አጋሮቹ በነጻ የሚያቀርቡት አይ-ትሪ የተባለ የኮምፒውተር መሣሪያ ስብስብ አለ፤ ከውስጡ ካኖፒ የሚባለው ክፍል ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ የከተማውን ወሰን አስምረው ሲሰጡት ነጥቦችን በዘፈቀደ ይጥላል፣ ተጠቃሚው እያንዳንዱ ነጥብ ያረፈው ዛፍ ላይ ነው ወይስ ጣሪያ፣ መንገድ፣ ሣር ላይ ብሎ ይመርጣል። ከ500 ነጥቦች 100ው ዛፍ ላይ ካረፉ ሽፋኑ 20 በመቶ ነው፤ ስሕተቱም ወደ 2 በመቶ ገደማ ነው። ነጥቦቹን ማየት አንድ ተማሪ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ተቀምጦ የሚጨርሰው ሥራ ነው። የተገኘው ቁጥር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ለማለት ደግሞ የደች ተወላጁ የከተማ ደን ምሁር ሴሲል ኮናይነንዳይክ እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረቡትን መለኪያ መጠቀም ይቻላል፤ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ 3 ዛፍ ይይ፣ ሰፈሩ 30 በመቶ የዛፍ ሽፋን ይኑረው፣ መናፈሻም ከ300 ሜትር አይራቅ ይላሉ።

ቆጠራው ካሳየን ነገር ሁሉ ያሳሰበኝ ዓይነታቸው ነው። ቶሎ ስለሚያድግና ችግኙ በየችግኝ ጣቢያው ስለሚገኝ ግራቪሊያ በየመንገዱ ተደርድሯል። ዋንዛ፣ ዝግባና ሾላ አልፎ አልፎ ቢታዩም አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ተተኪ የላቸውም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ሳንታሞር እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ልኬት፣ በአንድ ከተማ ውስጥ የአንድ ዝርያ ዛፎች ከ10 በመቶ፣ የአንድ ወገን (የተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ) ከ20 በመቶ፣ የአንድ ቤተሰብ (የተዛማጅ ወገኖች ስብስብ) ደግሞ ከ30 በመቶ እንዳይበልጡ ይመክራል። ምክንያቱ የኤልም ዛፍ በሽታ የአውሮፓንና የአሜሪካን ጎዳናዎች እንዴት ባዶ እንዳስቀረ በማየት የተገኘ ነው። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚሉትን ልኬቱ በቁጥር ይናገረዋል። በወንዶ ገነት የሚገኘው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ከከተማችን ብዙም የማይርቅ መሆኑ በዚህ ረገድ ዕድል ነው፤ የአገር በቀል ዛፎችን ዘርና ዕውቀት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ቆጠራ ሕዝብንና ዛፍን ያቀራርባል ስል አንድ የሜልቦርን ወሬ ትዝ ይለኛል። የአውስትራሊያዋ ከተማ ለየዛፉ መለያ ቁጥርና የኢሜይል አድራሻ ሰጥታ ነበር፤ ዓላማው ነዋሪው የተሰበረ ቅርንጫፍ ሲያይ እንዲያመለክት ነው። ነዋሪው ግን ለዛፎቹ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፍላቸው ጀመር። የእኛ ሰው ኢሜይል ባይጽፍም በቡና ሰዓት ምን እንደሚላቸው ሰምቻለሁ።

በጀት። በአሜሪካው የአገር ውስጥ መርሐ ግብር አንድ ከተማ ለዛፎቹ በነፍስ ወከፍ ቢያንስ 2 ዶላር እንዲያወጣ ይጠየቃል፤ ዓለም አቀፉ ግን እንዲህ ያለ ወለል ሳይጥል፣ በዛፍ አስተዳደር ዕቅዱ መሠረት ለሚከናወነው መደበኛ ሥራ የተለየ ዓመታዊ በጀት መኖሩን ብቻ ይጠይቃል። ቁልፉ «የተለየ» የሚለው ነው። በብዙ ቦታ የዛፍ ወጪ በጽዳትና ውበት ወይም በልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ፣ ስንት እንደወጣ የሒሳብ ሹሙ እንኳ ለይቶ ማውጣት አይችልም። ኮሚቴያችን ለብቻው የሆነ የሒሳብ መደብ እንዲከፈት ሲጠይቅ ያቀረበው የውኃን ሒሳብ ነው። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ የሚሞተው በሐምሌ አይደለም፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ብንይዝ፣ 200 ችግኝ በሳምንት 4,000 ሊትር፣ በእነዚህ አራት ወራት ደግሞ 68,000 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ይህን የሚያመላልሱ የአህያ ጋሪዎችና ጋሪ ነጂዎች በከተማችን አሉ፤ የጎደለው የሚከፈላቸው ገንዘብ ነው። የበጀት ኮሚቴ ፊት «ዛፍ ሕይወት ነው» ብሎ መናገር ጭብጨባ ያስገኛል፤ «በሳምንት ይህን ያህል ጋሪ ውኃ፣ በዚህ ዋጋ» ብሎ መናገር ግን ጥያቄ ያስነሣል፣ ጥያቄ ከተነሣ ደግሞ ነገሩ ተሰምቷል ማለት ነው።

በዚሁ ጉዳይ የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን ያደረገችው ለእኛ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ነሐሴ ላይ የደረሰው የጭቃ ናዳ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ ከተማዋ በ2020 አንድ ሚሊዮን ዛፍ የመትከል ዘመቻ ጀመረች። ከተከላው ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ክፍያው ነው፤ የየመንደሩ ተንከባካቢዎች እያንዳንዱን ዛፍ በስልክ ፎቶ እያነሡ ይመዘግባሉ፣ ዛፉ በሕይወት መኖሩ በየጊዜው ሲረጋገጥም በስልክ ገንዘብ ይከፈላቸዋል። በእኛ ዘንድም ቴሌብር በየጋሪ ነጂው ስልክ ላይ ስላለ ይህን ማድረግ ከባድ አይመስለኝም። ለወጣት ማኅበራት ክፍያው ሲሰላ ተከላው በተጠናቀቀበት ቀን ከሲሶው የማይበልጠው፣ የቀረው ደግሞ ከሁለተኛው በጋ በኋላ በቆጠራ ሲረጋገጥ እንዲከፈል ሐሳብ አቅርበን ነበር። ማኅበራቱ በመጀመሪያ አልወደዱትም፤ እስከዚያ ምን እንበላለን የሚለው ጥያቄያቸው ተገቢ ስለነበር፣ ክፍያው በየሩብ ዓመቱ እንዲከፋፈል ተስማምተናል።

አምስተኛው መስፈርት፣ ዓመታዊ በዓል፣ ለእኛ ሕዝብ ሰበብ አያስፈልገውም። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር፣ የጎሳ መሪዎች በዓሉ ላይ ከሚሰጡት ምክር መካከል አገር በቀል ዛፎችን ከመቁረጥ መቆጠብ በግልጽ ተጠቅሷል። በሐይቁ ዳር ጉዱማሌ በሚባለው የበዓል ስፍራ ተሰብስቦ ይህን ምክር ከአባቶቹ የሚሰማ ሕዝብ ላለበት ከተማ፣ አዲስ የዛፍ ቀን ከመፍጠር ይልቅ ያለውን ማጠንከር ይቀላል። መርሐ ግብሩ በዓሉ የሚንከባከቡትን ሰዎች እንዲያመሰግን ይፈልጋል፤ ስለዚህ መድረክ ላይ የሚጠሩት ችግኝ ይዘው ፎቶ የተነሡ እንግዶች ብቻ ሳይሆኑ በጥር ውኃ ያመላለሱት ጋሪ ነጂዎችም ሊሆኑ ይገባል።

የምስክር ወረቀቱ ምን ይጠቅማል ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ገንዘብ አያስገኝም፤ ይህን ለሚያስብ ሰው ፊት ለፊት ነው የምነግረው። ከሌሎች ከተሞች ጋር የሚያገናኝ የዕውቀት መረብ ውስጥ ያስገባል፣ ከተማው ለጎብኚም ሆነ ለለጋሽ የሚያሳየው ነገር ያገኛል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ዋናው ጥቅም ዕውቅናው በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑ ላይ ይመስለኛል፤ ዘንድሮ የተገኘው ለከርሞ የሚቆየው ደብዳቤው ጸንቶ፣ መዝገቡ ታድሶ፣ በጀቱም ዳግም ተመድቦ ሲገኝ ብቻ ነው። የተከላ ዘመቻ ግን በተከላው ቀን ይዘጋል።

ስለ እድሳቱ ሲነሣ ለአመልካቾች አንድ የአሠራር ማሳሰቢያ አለኝ። ማመልከቻው የሚሞላው በፈረንጆች የዘመን አቆጣጠር ሲሆን የእኛ የበጀት ዓመት ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ አንድ የማመልከቻ ዓመት የሁለት በጀት ዓመቶቻችንን ግማሽ ግማሽ ይይዛል። የሒሳብ ሰነድ ከመጀመሪያው በየወሩ ካልተለየ በታኅሣሥ ተቀምጦ መለየት ከባድ ነው። እኛ እያንዳንዱን ደረሰኝ በሁለቱም አቆጣጠር ቀን እየጻፍን እናስቀምጣለን፤ ፎቶዎችንም እንዲሁ፤ ቃለ ጉባኤውም በፊርማና በማኅተም ተደግፎ ቅጂው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። የመዝገቡ እድሳት የሚካሄደው በመጋቢት፣ በጋውን የተሻገሩት ከሞቱት በሚለዩበት ጊዜ ነው። የሞተው ዛፍ ከመዝገቡ አይሰረዝም፤ በጎኑ የሞተበት ምክንያት ይጻፍበታል፣ በሰኔ ጉድጓድ ሲቆፈርም ምን የት መተከል እንዳለበት የሚታየው ከዚያ ዓምድ ነው።